በአዲስ አበባ መሃል የጠላት ዘመን ቦታዎችን ስለመጎብኘት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ያሉትን የአምስቱ ዓመት ወረራ መታሰቢያዎች በእግራቸው ማየት የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

የትኞቹን ቦታዎች ነው የማየው?

ፒያሳ ላይ ምኒልክ አደባባይንና ጊዮርጊስን፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ያያሉ። ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት አለ። ከፊት ለፊቱ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ደግሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት። አራት ኪሎ ላይ የድል ሐውልቱ ቆሟል፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልም ከዚያ ቅርብ ነው።

ለገሃር ያለው የአንበሳ ሐውልት ከነዚህ ራቅ ይላል። ለእሱ ታክሲ መያዝ ይሻላል። ሌላው በሙሉ በእግር ይዳረሳል።

በየት ልጀምር?

ከጊዮርጊስ ይጀምሩ። ብዙ ሰው ስድስት ኪሎ ይሄድና ሐውልቱን አይቶ ይመለሳል፤ ታሪኩ ግን እንዲህ ሲታይ መሃሉ ላይ እንደተቆረጠ ወሬ ይሆናል። ከጊዮርጊስ ከተነሡ ቦታዎቹ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ይመጣሉ። መጀመሪያ ዓድዋ፣ ከዚያ በ1928 የተረሸኑት አቡነ ጴጥሮስ፣ ከዚያ የ1929ኙ ጭፍጨፋ፣ በመጨረሻ የ1933ቱ ድል።

ለእግርም ይመቻል። ከፒያሳ ስድስት ኪሎ ዳገት ስለሆነ ታክሲ ይያዙ። ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ ቁልቁለት ነው፤ እሱን በእግር ይውረዱት።

ስንት ሰዓት ይፈጃል? ምን ይዤ ልሂድ?

ሳይጣደፉ ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፒያሳ ከደረሱ እስከ ምሳ ሰዓት ይጨርሳሉ። ሙዚየሞቹን በደንብ ላያቸው ካሉ ቀኑን ሙሉ ይስጡት።

መታወቂያ አይርሱ። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ይጠየቃሉ፣ ቦርሳም ይፈተሻል። ሁለት ቤተ ክርስቲያን ስለሚገቡ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያድርጉ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ቢይዙ ጥሩ ነው። ቅዳሴ ላይ ከደረሱ ደግሞ እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ በቅዳሴ መሃል ካሜራ ይዞ መዞር ነውር ነው።

ምኒልክ ሐውልት የዓድዋ አይደለም እንዴ? ለምን እዚህ ተካተተ?

የዓድዋ ነው። ግን ጣሊያን በ1928 ከተማዋን እንደያዘ ካደረጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ይህን ሐውልት መንቀል ነበር። ሐውልቱ ያኔ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር፤ የተመረቀው በጥቅምት 1923፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። በሌሊት ከቦታው አነሡትና ቀበሩት። የየካቲት 23 ቀን 1888ቱ ሽንፈት አርባ ዓመት ሙሉ ሲያንገበግባቸው ነበር። ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ያለበትን ያን ሐውልት በየቀኑ ማየት አልቻሉም። ከነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጊዮርጊስም እንዲሁ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ ሲሆን በየካቲት 1929 ጭፍጨፋ ጊዜ በእሳት ተቃጥሏል። ዛሬ የምናየው ከነፃነት በኋላ የታደሰውን ነው። ጊዜ ካለዎት አጠገቡ ያለውን የዓድዋ ድል መታሰቢያም ይግቡበት። በየካቲት 2016 ነው የተመረቀው። ዓድዋን ሳያዩ የ1928ቱን ወረራ ቂም መረዳት ይከብዳል።

አቡነ ጴጥሮስ ለምን ተገደሉ?

በሐምሌ 1928 አርበኞች አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ ከተለያየ አቅጣጫ ገብተው ነበር። ከመሪዎቹ መካከል የራስ ካሣ ልጆች ይገኙበታል። አቡነ ጴጥሮስም ከአርበኞቹ ጋር ነበሩ። ጥቃቱ ሳይሳካ ቀረ፣ እሳቸውም ተያዙ። ለጣሊያን እንዲገዙና ሕዝቡንም እንዲገዛ እንዲሰብኩ ተጠየቁ። አሻፈረኝ አሉ። ይልቁንም ለጠላት የሚገዛውን ሁሉ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በሕዝብ ፊት በጥይት ተደብድበው ተገደሉ።

ሐውልታቸው ቀላል ባቡሩ ሲሠራ ለጊዜው ተነሥቶ ነበር። ያኔ ይመለሳል አይመለስም ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ተመልሷል፤ አሁን በቦታው ነው። አካባቢው የመኪና ግርግር ስለሚበዛበት ሰው ቀና ብሎ ሳያየው ያልፋል። እባክዎ እርስዎ እንዲህ አይለፉ። አምስት ደቂቃ ይቁሙ።

የካቲት 12 ምን ሆነ?

ቀኑ አርብ ነበር፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። የጣሊያን አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ ተወለደለት ተብሎ እንደራሴው ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝቡን ገነተ ልዑል ግቢ አስጠራ። የመጡት በአብዛኛው ነዳያን፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ነበሩ። ከሕዝቡ መሃል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት የኤርትራ ተወላጅ ወጣቶች ሹማምንቱ ወደቆሙበት የእጅ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ክፉኛ ቆሰለ፣ ግን አልሞተም። ሁለቱ ወጣቶች ከከተማው ወጡ፤ በኋላ ወደ ሱዳን ሲያቀኑ መንገድ ላይ ተገደሉ። በመኪናው የረዳቸው ታክሲ ነጂ ስምዖን አደፍርስ ግን ተይዞ በግርፋትና በሥቃይ ሞተ።

ወታደሮቹ በመጀመሪያ ተኩስ የከፈቱት ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ሕዝብ ላይ ነው። ከግቢው መውጫ አልነበረም። ከዚያ የፋሺስት ፓርቲው የአዲስ አበባ ኃላፊ ጉዶ ኮርቴሴ ሰዎቹ ያሻቸውን እንዲያደርጉ ለቀቃቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾችና ከተማው ውስጥ የነበሩ ሌሎች ጣሊያኖች በጥይት ብቻ ሳይሆን በዱላ፣ በአካፋና በጩቤ ሕዝቡን ፈጁት። የሣር ቤቶችን ሰው ውስጣቸው እያለ አቃጠሉ። የተማሩ ወጣቶችን እየለቀሙ ገደሉ። በዚያን ጊዜ አገሪቱ የነበሯት ምሁራን በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ጉዳቱ ለብዙ ዓመት ተሰምቷል።

እዚያ ሲደርሱ ከሐውልቱ ሥር ቆመው ወደ ዩኒቨርሲቲው በር ይዩ። ጭፍጨፋው የተጀመረው ከዚያ በር ወዲያ ነው። ሐውልቱ በ1947 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን የሠሩት ዩጎዝላቪያዊ ቀራፂዎች ናቸው። ዙሪያውን ያሉትን የነሐስ ቅርጾች ቀረብ ብለው፣ አንድ በአንድ እየዞሩ ይመልከቱ። ከታክሲ መስኮት የሚታየው ቀጥ ያለ ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው። የወደቁት ሰዎች የሚታዩት ከቅርብ ነው።

ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው የትም የማያደርስ ደረጃ ምንድን ነው?

ሙዚየሙ ፊት ለፊት የሲሚንቶ ደረጃ አለ። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና ባዶ አየር ላይ ያቆማል። ብዙ ተማሪ ፎቶ ይነሣበታል፤ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ በ1915 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለፈውን አንድ አንድ ዓመት ይቆጥራል። በየዓመቱ እየጨመሩ ሊቀጥሉ ነበር ሐሳባቸው።

ቆጠራው ተቋረጠ። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከዚህ ሁሉ ጉብኝት አንድ ነገር ብቻ ማየት የሚችል ሰው ቢጠይቀኝ ወደዚህ ነው የምልከው። ሙሉ ንግግር ከሚያደርግ ሐውልት ይልቅ ያቺ ትንሽ አንበሳ ትበልጥብኛለች።

ሕንፃው ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትም ይጎበኛል። መግቢያው ለአገር ልጅና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል።

ልጆች ይዤ መሄድ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ መውሰድም አለብዎ ባይ ነኝ። ትንንሾቹን ከምኒልክ ፈረስና ከአንበሳው ደረጃ ጋር ያስተዋውቋቸው፣ ይበቃቸዋል። የየካቲት 12 ሐውልት ቅርጾች ላይ ሬሳና ግድያ ስላለ ለሕፃን ከባድ ነው። አሥር ዓመት ካለፈው ልጅ ጋር ግን ቁጭ ብሎ ማውራት ይቻላል። ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ «ለምን ድሆቹን?» የሚል ነው። መልሱን አስበውበት ይሂዱ።

ፎቶ ማንሣት ይፈቀዳል?

ሐውልቶቹን ማንሣት ችግር የለውም። አራት ኪሎ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ቤተ መንግሥቱና ፓርላማው እዚያው ስለሆኑ ካሜራዎን ወደዚያ ካዞሩ ጥበቃዎች ያስቆሙዎታል። ፖሊስና ወታደርም አያንሡ። ሙዚየም ውስጥና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ ማን ማን ተቀብሯል?

አፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ውስጥ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ አፅም እዚህ ያረፈው በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። ካቴድራሉ ራሱም የወረራው ታሪክ አለበት፤ ከወረራው በፊት ግንባታው ተጀምሮ በጠላት ምክንያት ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ ነው የተጠናቀቀው። በቅጥሩ ውስጥ የብዙ አርበኞች መቃብር አለ።

አንዱን መቃብር ግን ፈልገው ይዩ። የሲልቪያ ፓንክረስት ነው። እንግሊዛዊት ነበሩ። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚሟገት ጋዜጣ ጀመሩ። ዓለም ፊቱን ባዞረብን ጊዜ ዓመት ከዓመት ሳይሰለቹ አሳተሙት። በስተርጅና አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ። ያረፉት መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው። የተቀበሩትም ከአርበኞቹ መሃል ነው። ልጃቸው፣ የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስትም እዚያው ናቸው።

ለገሃር ያለው አንበሳ ከጦርነቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጣሊያኖች ዘርፈውት ነበር። ሮም ወስደው በዶጋሊ ለሞቱ ወታደሮቻቸው ባቆሙት ሐውልት ሥር አስቀመጡት። ዶጋሊ ራስ አሉላ ጣሊያንን ድል ያደረጉበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ቂማቸውን እየተወጡ ነበር። በሰኔ 1930 ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ ወጣት አንበሳውን ሮም አደባባይ ላይ አየው። ተንበርክኮ ጸለየ። ሊያስነሡት በመጡ ጊዜ ሰይፉን መዘዘ። ተይዞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ፤ ጣሊያን አገር እንዳለ በ1937 ሞተ። አንበሳው ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ተመልሶ ዛሬ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሟል።

ፒያሳና ካዛንቺስ ያሉት የጣሊያን ቤቶችስ?

ብዙዎቹ አሁን የሉም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም.፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 በኮሪደር ልማቱ ብዙ ፈርሶባቸዋል። ድሮ ያዩትን ቤት አስበው ከሄዱ ግር ሊልዎ ይችላል።

የቀሩትን ሲያዩ ግን አንድ ነገር ያስታውሱ። ጣሊያን ከተማዋን ሲያቅድ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር ነበር። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ አንሥቶ «የአገሬው ገበያ» ብሎ ወደ ምዕራብ የገፋው ለዚህ ነው። መርካቶ የምንለው እሱ ነው። ቤቱ ያምራል ማለት ይቻላል። የተሠራው ለማን እንደነበረ ግን አብሮ መነገር አለበት።

የድል ቀን መጋቢት 28 ነው ወይስ ሚያዝያ 27?

ሁለቱም እውነተኛ ቀኖች ናቸው። መጋቢት 28 ቀን 1933 የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ካኒንግሃም እየተመራ አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከአርበኞች ጋር ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ጣሊያን ከተማዋን የያዘውም ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበር። ልክ አምስት ዓመት፣ ልክ በዚያው ቀን።

ደርግ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወስዶት ነበር፤ የዘውዱን ጥላ ለማራቅ ነው። በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ዛሬ አራት ኪሎ ላይ አርበኞችና ልጆቻቸው ጎፈራቸውንና ሜዳያቸውን አድርገው የሚያከብሩት ይህንን ነው። በሕይወት ያሉት አርበኞች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ለጉብኝት ቀን የሚመርጡ ከሆነ ሚያዝያ 27ን ይምረጡ። የከተማው ሰው የሚጓዝበትና የሚያለቅስበት ቀን ከፈለጉ ደግሞ የካቲት 12።

የካቲት 12 የሞተው ሰው ቁጥር ለምን ይለያያል?

የኢትዮጵያ መንግሥት ከነፃነት በኋላ 30 ሺህ ብሏል። የጣሊያን ሹማምንት የዚያን ጊዜ ያመኑት ጥቂት መቶ ብቻ ነው። የምስክሮችን ቃልና ሰነዶችን አመሳክሮ የተሠራ የቅርብ ጊዜ ጥናት 19 ሺህ ገደማ ያደርሰዋል።

ልዩነቱ የመጣው ማንም ቆሞ ስላልቆጠረ ነው። ሰው ቤቱ ውስጥ ተቃጥሏል፣ በጅምላ ተቀብሯል። ከገጠር ለሥራ የመጣና ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት የሚጠይቅለት አልነበረም። እኔ እንግዳ ሳስጎበኝ ሦስቱንም ቁጥር እናገራለሁ። ትንሹን ቁጥር የተናገረው ገዳዩ መሆኑንም እጨምራለሁ።

ግራዚያኒ ተፈረደበት?

በኢትዮጵያ ለሠራው አልተፈረደበትም። ኢትዮጵያ ለፍርድ እንዲቀርብ ጠይቃ ነበር፤ ሰሚ አላገኘችም። አገሩ ጣሊያን የፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በማበሩ ነው። 19 ዓመት ተፈረደበትና ጥቂት ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። በ1947 ዓ.ም. በተፈጥሮ ሞት ሞተ። በ2004 ደግሞ አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። የዚህ ነገር ቁጭት ስድስት ኪሎ ላይ ሲቆሙ በደንብ ይሰማል።

ደብረ ሊባኖስን በዚሁ ቀን ልጨምር?

አይጨምሩ። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ሌላ ቀን ይስጡት። ግን ይሂዱ። ግራዚያኒ ገዳሙ ቦምብ ወርዋሪዎቹን ደብቋል ብሎ በግንቦት 1929 መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን አስረሽኗል። ጣሊያኖች ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት ቁጥር ከአራት መቶ በላይ ነው።

የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያስ?

አፍንጮ በር ነው፤ ከስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ዘመኑ ሌላ ነው፤ ታሪኩ ግን ይያያዛል። በ1928 የዓለም መንግሥታት ማኅበር ሲክዳት ያየች አገር በ1943 ሌላዋ አገር ስትወረር ጦር ላከች። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ረጅሙን ባሕር ተሻግሮ ፑሳን ገባ። ባሕር አይተው የማያውቁ ወታደሮች ሳምንታት ነው የተጓዙት። በጠቅላላው ስድስት ሺህ ገደማ ዘምተው ከ120 በላይ ወደቁ፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም።

አያቴ አርበኛ ነበሩ። ስማቸውን የት ላግኝ?

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይፈልጉ። ከነፃነት በኋላ ብዙ አርበኞች ሜዳይና የምስክር ወረቀት ተሰጥቷቸዋል፤ ሣጥን ሥር ወይም ከፎቶ ጀርባ ይገኛል። ከዚያ የአርበኞች ማኅበርን ይጠይቁ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ ያለው የጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትም የዘመኑን ጋዜጦችና ሰነዶች ይዘዋል።

ሲሄዱ ሙሉ ስም ብቻ አይበቃም። የፈረስ ስማቸውን፣ የዘመቱበትን አገርና የአለቃቸውን ስም ይያዙ፤ በዚያ ዘመን ሰው የሚታወቀው በዚህ ነበር። ባንዳ ነበሩ የሚባል ዘመድ ካለም አይደብቁት፤ ጠላት በገንዘብ፣ በማስፈራራትና በረሃብ ብዙ ቤተሰብ ለሁለት ከፍሏል። ቤት ውስጥ ያሉትን አዛውንት ግን ዛሬውኑ በስልክዎ ቀድተው ያስቀምጡ። ወመዘክር ነገም ክፍት ነው።